የዓባይ ደቂቅ ሕያዋንና የኤሌክትሪክ ኃይል

(በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከንባብ በፊት

ምንባቡን ከማንበባችሁ አስቀድሞ በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. በኩሬ ዳርና በእርጥብ ድንጋይ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታየው ዝልግልግ ነገር ምንድን ነው? በምንስ ይኖራል?
2. አንድ አዲስ የፈጠራ ሥራ ጠቃሚ መሆን አለመሆኑን ለማወቅ ምን ምን መጠየቅ ያስፈልጋል?

ምንባብ

የሱዳን ርዕሰ ከተማ ካርቱም የተቆረቆረችው ሁለት ታላላቅ ወንዞች በሚገናኙበት ሥፍራ ነው። አንደኛው ከጎጃም፣ ከግሽ ዓባይ ተነሥቶ፣ ጣናን አቋርጦ፣ የኢትዮጵያን ደጋ እየሸረሸረ የሚወርደው ጥቁር ዓባይ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከምሥራቅ አፍሪካ ታላላቅ ሐይቆች ተነሥቶ በደቡብ ሱዳን ረግረግ በኩል የሚመጣው ነጭ ዓባይ ነው። ወንዞቹ በሚገናኙበት አካባቢ የቱቲ ደሴት ይገኛል። በዙሪያውም ካርቱም፣ ኦምዱርማንና ካርቱም ሰሜን የተባሉት ሦስት ከተሞች በወንዞቹ ዳርና ዳር ተያይዘው ይታያሉ።

ወንዞቹን ከድልድይ ላይ ሆኖ የሚመለከት ሰው በመጀመሪያ የሚያስተውለው የቀለማቸውን ልዩነት ነው። በክረምት፣ የኢትዮጵያ ደጋ ዝናም በሚያገኝበት ወራት፣ ጥቁር ዓባይ ብዙ ደለል ተሸክሞ ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ሙላቱ ካለፈ በኋላ ግን ውኃው እየጠራ ይሄዳል። ነጭ ዓባይ በበኩሉ፣ ከካርቱም በስተደቡብ በ1937 ተሠርቶ በተጠናቀቀው በጀበል አውሊያ ግድብ ምክንያት ፍጥነቱን ቀንሶ በዝግታ ይጓዛል። ውኃ በጠራበትና በረጋበት ጊዜ ደግሞ በዓይን የማይታዩ እጅግ ብዙ ሕይወት ያላቸው ነገሮች በውስጡ ይራባሉ። ከእነዚህም መካከል ዋቅላሚና ሳይኖባክቴሪያ የተባሉት ይገኙባቸዋል። በአጉሊ መነጽር ካልሆነ በቀር ለየብቻ ስለማይታዩ በዚህ ምንባብ ውስጥ «ደቂቅ ሕያዋን» እየተባሉ ይጠራሉ።

እነዚህ ደቂቅ ሕያዋን በካርቱም በሚገባ የተጠኑ ናቸው። በ1950ዎቹ፣ ዛሬ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ተቋም ውስጥ ይሠሩ የነበሩት ትውልደ ፖላንዱ ሊቅ ጁሊያን ርዞስካና እንግሊዛዊው ጃክ ቶሊንግ የሁለቱን ወንዞች ውኃ በየጊዜው እየቀዱ መርምረዋል። ሁለቱ ሊቃውንት ስለ ጥቁር ዓባይ በ1967 ባሳተሙት ጥናት እንዳስረዱት፣ የደቂቅ ሕያዋኑ መብዛትና ማነስ የወንዙን ሙላት ተከትሎ የሚለዋወጥ ነው። ሙላት በሚሆንበት ጊዜ ውኃው ፈጥኖ ያልፋል፤ ደለሉም የፀሐይን ብርሃን ይጋርዳል። ስለዚህ ደቂቅ ሕያዋኑ እጅግ ጥቂት ይሆናሉ። ሙላቱ ሲያልፍና ብርሃን ወደ ውኃው ሲዘልቅ ግን በፍጥነት ይበዛሉ። በካርቱም አካባቢ ከሚገኙት ዓይነቶች አንዱ አናቤና የተባለው ሳይኖባክቴሪያ ነው። ሕዋሳቱ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ ተራ በተራ ተሰካክተው ይኖራሉ። በኢትዮጵያም በቢሾፍቱ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅ ስሙን ያገኘው የሌላ ዓይነት ሳይኖባክቴሪያ ብዛት ውኃውን ስለሚያቀልመው ነው።

የእነዚህ ደቂቅ ሕያዋን ዋና ምግብ ብርሃን ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም። እንደ ማናቸውም አረንጓዴ ተክል ከፀሐይ ብርሃን፣ ከውኃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ስኳር ይሠራሉ። ይህም ሥራ ብርሃን አስተፃምሮ ይባላል። ብርሃኑ ክሎሮፊል በተባለው አረንጓዴ ንጥረ ነገር ላይ ሲያርፍ፣ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ውኃ ይከፋፈላል። ከውኃውም ኦክስጅን፣ ፕሮቶንና ኤሌክትሮን ይወጣሉ። ኦክስጅኑ ወደ ውጭ ሲሄድ፣ ኤሌክትሮኖቹ ግን በሕዋሱ ውስጥ ከአንዱ ንጥረ ነገር ወደ ሌላው እየተላለፉ ስኳር ለመሥራት ያገለግላሉ። የኤሌክትሪክ ኃይል ማለት ደግሞ የኤሌክትሮኖች ጉዞ ነው። እንግዲህ በእያንዳንዱ አረንጓዴ ሕዋስ ውስጥ ፀሐይ በወጣች ቁጥር ደቃቅ የኤሌክትሪክ ጉዞ ይካሄዳል ማለት ነው። ሊቃውንትን ሲያሳስብ የኖረው ጥያቄ ከእነዚህ ኤሌክትሮኖች ጥቂቶቹን ከሕዋሱ አውጥቶ በሽቦ ማስኬድ ይቻላል ወይ የሚለው ነው።

ሕይወት ካላቸው ነገሮች ኤሌክትሪክ ማግኘት እንደሚቻል በመጀመሪያ ካሳዩት ሰዎች አንዱ በእንግሊዝ አገር የደርሃም ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሳይንስ ፕሮፌሰር የነበሩት ማይክል ፖተር ናቸው። እኚህ ሰው በ1911 ባወጡት ጽሑፍ፣ እርሾና ባክቴሪያ ምግባቸውን በሚያፈራርሱበት ጊዜ በውኃው ውስጥ በተነከረ ብረት ላይ ኤሌክትሪክ እንደሚታይ አስረዱ። የተገኘው ኃይል በጣም ጥቂት ስለነበረ ግን ለብዙ ጊዜ ከቤተ ሙከራ አልወጣም።

ዛሬም ቢሆን የመሣሪያው አሠራር በመሠረቱ አልተለወጠም። ሁለት ክፍሎች ያሉት አንድ ትንሽ ዕቃ ይዘጋጃል። በአንደኛው ክፍል ደቂቅ ሕያዋኑ ከነውኃቸው ይቀመጡና አኖድ የተባለ የኤሌክትሪክ ተቀባይ ይገባበታል። በሁለተኛው ክፍል ካቶድ የተባለው ይቀመጣል። በመካከላቸው ፕሮቶን ብቻ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን ይደረጋል። ብርሃን ሲበራ ከሕዋሳቱ የሚወጡት ኤሌክትሮኖች በአኖዱ ተቀባይነት በሽቦው በኩል ወደ ካቶዱ ሲጓዙ፣ ፕሮቶኖቹ ደግሞ በሽፋኑ በኩል ይሻገራሉ። በሽቦው ላይ አንድ ትንሽ መሣሪያ ቢገናኝ ያ ጉዞ ሥራ ይሠራል። ብርሃን በማይኖርበት ጊዜም ሕዋሳቱ ቀን የሠሩትን ስኳር እያፈራረሱ ስለሚያድሩ ጉዞው ፈጽሞ አይቋረጥም።

ታዲያ ችግሩ ምን ላይ ነው? ችግሩ ርቀት ነው። አንድ የሳይኖባክቴሪያ ሕዋስ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ሺህኛ አይበልጥም። ለእንዲህ ያለው ሕዋስ ከአኖዱ በአንድ ሴንቲ ሜትር መራቅ ለእግረኛ ረጅም መንገድ እንደ መሄድ ይቆጠራል። ኤሌክትሮኑን የሚሸከመው ንጥረ ነገር በውኃው ውስጥ ሲንከራተት አብዛኛው በመንገድ ይባክናል። ስለሆነም መሐንዲሶች ዕቃውን ራሱን ማሳነስ ጀመሩ። የሬዲዮና የኮምፒውተር ደቃቅ ክፍሎች በሚሠሩበት ዘዴ፣ የሲሊኮን ገበታን በብርሃንና በኬሚካል እየቀረጹ ከጸጉር ውፍረት ጋር የሚመጣጠኑ ቦዮችና ጎድጓዳ ክፍሎች ያወጡበታል። በእነዚህ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ ሕዋሱ ከአኖዱ አጠገብ ስለሚውል፣ ኤሌክትሮኑ የሚጓዘው መንገድ ያጥራል፤ የሚባክነውም ይቀንሳል።

በዚህ ዘዴ ከተሠሩት ቀደምት መሣሪያዎች አንዱ ሙ ቺያኦ፣ ኪየን ላምና ሊዌይ ሊን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 የገለጹት ነው። የመሣሪያው ስስ ሽፋን ስፋት አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲሆን፣ በውስጡ የተቀመጡት ሳይኖባክቴሪያዎች ነበሩ። መሣሪያው በብርሃንም በጨለማም ኤሌክትሪክ ሰጠ። ይሁን እንጂ ከአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የተለካው ኃይል 0.04 ናኖዋት ብቻ ነበር። አንድ ናኖዋት የአንድ ዋት አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በዚህ መጠን አንድ ዋት ብቻ ለማግኘት 2.5 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መሣሪያ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው እየተሻሻለ ሄደ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንደሚባለው፣ በአሜሪካ የቢንግሃምተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ሲዮክሁን ቾይና ባልደረቦቻቸው በ2016 ዘጠኝ ደቃቅ ሕያው ባትሪዎችን ሦስት በሦስት አድርገው በአንድ ሰሌዳ ላይ በማያያዝ 5.59 ማይክሮዋት አገኙ። አንድ ማይክሮዋት የአንድ ዋት አንድ ሚሊዮንኛ ነው። በ2018 ደግሞ በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኃይል የሚጠራቀምበትን ክፍልና ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ለያይተው ሠሩ። ሕዋሳቱ ሰፋ ባለው ክፍል ብርሃን ሲሞቁ፣ የተሰበሰበው ሙል እጅግ በጠበበው ቦይ ውስጥ ይወጣል። በዚህም ዘዴ በካሬ ሜትር ግማሽ ዋት የሚደርስ ኃይል ተገኘ። የመሣሪያዎቹ ዓይነትና የመለኪያው ሁኔታ የተለያየ ስለሆነ እነዚህን አኃዞች በቀጥታ ማወዳደር ባይገባም፣ የእድገቱ አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው።

በ2022 የታተመው ሌላው የካምብሪጅ ሙከራ ይበልጥ የታወቀ ነው። ፓውሎ ቦምቤሊ፣ ክሪስቶፈር ሃውና ባልደረቦቻቸው ከተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ በማይበልጥ ዕቃ ውስጥ ሲኔኮሲስቲስ የተባለውን ሳይኖባክቴሪያ ከአልሙኒየም አኖድ ጋር አስቀመጡ። ከዕቃው የሚወጣው ኤሌክትሪክ አንዲት አነስተኛ የኮምፒውተር ማስሊያ ከስድስት ወር በላይ አሠራት። ማስሊያዋ 45 ደቂቃ ስታሰላ፣ 15 ደቂቃ ስታርፍ ቆየች። በምታሰላበትም ጊዜ የምትፈልገው 0.3 ማይክሮዋት ብቻ ነበር። እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ኤሌክትሪኩ የመጣው ከሕዋሳቱ በቀጥታ ነው ወይስ ሕዋሳቱ አልሙኒየሙ ቀስ በቀስ እንዲበላ ምቹ ሁኔታ ስለፈጠሩ ነው የሚለውን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በጥያቄ መልክ አቅርበውታል። እውነተኛ ሳይንስ ያገኘውን ብቻ ሳይሆን ገና ያላረጋገጠውንም የሚናገር ነው።

አሁን ወደ ካርቱም እንመለስ። የዚህች ከተማ ሕዝብ ስለ ኤሌክትሪክ የሚያስበው ለመብራት ብቻ ብሎ አይደለም። በአፕሪል 15 ቀን 2023 በከተማዪቱ ውጊያ ከተጀመረ በኋላ የካርቱም ሰሜን የውኃ ማጣሪያ ጣቢያ ሥራውን አቆመ፤ ብዙ ሕዝብም የቧንቧ ውኃ አጣ። በሜይ 2025 የኃይል ጣቢያዎች በሰው አልባ አውሮፕላኖች ሲመቱ የውኃ መግፊያ ሞተሮች ቆሙ። ሰዉም ንጽሕናው ካልተጠበቀ ምንጭ ለመቅዳት ስለተገደደ የኮሌራ በሽታ በፍጥነት ተስፋፋ። በሁለት ታላላቅ ወንዞች መካከል የሚኖር ሕዝብ ውኃ ተጠማ። ይህ ከሆነ፣ በወንዙ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ ሕያዋን ለዚህ ችግር መፍትሔ ይሆናሉን? መልሱን ለማግኘት ማስላት ያስፈልጋል።

750 ዋት የሚፈልግ አንድ ትንሽ የውኃ መግፊያ ሞተር ይወሰድ። በካሬ ሜትር ግማሽ ዋት ከሚሰጥ ሕያው ባትሪ ይህን ያህል ኃይል ለማግኘት 1,500 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል። የቀትር ፀሐይ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የምታሳርፈው ኃይል ግን 1,000 ዋት ያህል ሲሆን፣ በገበያ ላይ የሚገኘው የተለመደ የሶላር ሰሌዳ ከዚህ አንድ አምስተኛውን፣ ማለትም 200 ዋት ያህሉን፣ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጠዋል። ስለዚህ ያንኑ ሞተር ለማንቀሳቀስ አራት ካሬ ሜትር የማይሞላ ሰሌዳ ይበቃል። ከካርቱም በስተሰሜን በ2009 ተመርቆ የተከፈተው የመረዌ ግድብ 1,250 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ያን ያህል ኃይል በቤተ ሙከራው መጠን ከደቂቅ ሕያዋን ለማግኘት 2,500 ካሬ ኪሎ ሜትር መሸፈን ግድ ይሆናል። ይህም ከጣና ሐይቅ ስፋት እምብዛም የማያንስ ነው። እንግዲህ ሕያው ባትሪ ከተማ ያበራል፣ ሞተር ያዞራል ብሎ ለተጠማ ሕዝብ ተስፋ መስጠት ሕዝቡን ማታለል ይሆናል።

ይህ ማለት ግን ሥራው ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ትንሽ ኃይል የሚበቃው ሥራም አለ። የወንዝን ሙቀት፣ የውኃን ጥራትና የደለልን መጠን የሚለኩ ደቃቅ መሣሪያዎች የሚፈልጉት ኃይል ከዓመት ወደ ዓመት እየቀነሰ ነው። እንዲህ ያሉት መሣሪያዎች በወንዝ ዳር ርቀው ሲተከሉ የባትሪ ድንጋያቸውን እየዞሩ መለወጥ ከባድና ውድ ይሆናል። ሕያው ባትሪ በአንጻሩ ውኃና ብርሃን እስካገኘ ድረስ ሕዋሳቱ ራሳቸውን ይጠግናሉ፤ ይተካሉም። ከዚህም በላይ ሕዋሳቱ ራሳቸው መለኪያ ሊሆኑ ይችላሉ። አንዳንድ የአረም ማጥፊያ መድኃኒቶች በብርሃን አስተፃምሮ ጊዜ የሚካሄደውን የኤሌክትሮን ጉዞ ያግዳሉ። እንዲህ ያለ መርዝ ወደ ውኃው ሲገባ በሽቦው ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ወዲያው ይቀንሳል። መቀነሱም የማስጠንቀቂያ ምልክት ይሆናል። ከካርቱም በስተደቡብ በሁለቱ ወንዞች መካከል ሰፊው የገዚራ እርሻ ተዘርግቶ ስለሚገኝ፣ በዚያ አገር እንዲህ ያለው መለኪያ የሚጠቅምበት ሥፍራ አይታጣም።

በካርቱም አየር እንዲህ ያለውን መሣሪያ ለመትከል የሚያስፈልጉ ጥንቃቄዎችም አሉ። ሲኔኮሲስቲስ የሚስማማው ሙቀት 30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሲሆን፣ የካርቱም የበጋ ሙቀት ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ይወጣል። በጸጉር በሚመስል ቦይ ውስጥ ያለች ጠብታ ውኃ በእንዲህ ያለ ሐሩር ፈጥና ትደርቃለች። ከበረሃ የሚነሣው የአቧራ ማዕበልም መስተዋቱን ሸፍኖ ብርሃን ያስቀራል። በቤተ ሙከራ የሠራ ሁሉ በወንዝ ዳር ይሠራል ማለት እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን። ምናልባትም የተሻለው መንገድ ከሩቅ አገር የመጣ ሕዋስ ከማስገባት ይልቅ፣ የአካባቢውን ሐሩር የለመዱትን የወንዙን ደቂቅ ሕያዋን መርምሮ ከእነርሱ መካከል የሚስማማውን መምረጥ ይሆናል። ለዚህም በ1950ዎቹ በካርቱም የተጀመረው ውኃ እየቀዱ የመመርመር ሥራ መነሻ ሊሆን ይችላል።

በጠቅላላው ሲታይ፣ የዚህ ምርምር ትምህርት በመጠን ማወቅ ላይ ነው። ትንሽን ነገር ትልቅ ነው ብሎ ማጋነን ሰውን ያሳስታል፤ ትንሽ ነው ብሎ መናቅም ጥቅሙን ያስቀራል። ሞተር ለሚፈልግ ሥራ ፀሐይ፣ ነፋስና ግድብ አሉ። ውኃው ንጹሕ መሆኑንና አለመሆኑን ቀንና ሌሊት ነቅቶ ለሚጠብቅ መሣሪያ ግን ከዓባይ ጠብታ ውስጥ የሚገኘው ደቃቅ ኃይል ሊበቃ ይችላል። ወንዙን ለሚጠጣ ሕዝብ ይህ ጥቂት ነገር አይደለም።

መልመጃ አንድ፦ በምንባቡ መሠረት የሚከተሉትን ጥያቄዎች መልሱ።

1. በጥቁር ዓባይ ሙላት ጊዜ ደቂቅ ሕያዋን የሚቀንሱት በምን በምን ምክንያት ነው?
2. ሕያው ባትሪ በጨለማም ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ለምንድን ነው?
3. መሐንዲሶች ዕቃውን ማሳነስ ለምን አስፈለጋቸው?
4. «ተስፋ መስጠት ሕዝቡን ማታለል ይሆናል» የተባለው ከየትኛው ስሌት የተነሣ ነው?
5. በካሬ ሜትር ግማሽ ዋት የሚሰጥ ሕያው ባትሪ ባለ 20 ዋት አምፑል ለማብራት ስንት ካሬ ሜትር ሊኖረው ይገባል?

መልመጃ ሁለት፦ ቀጥሎ የተዘረዘሩትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ትርጉም ፍቱ። ከዚያም እያንዳንዳቸውን በዓረፍተ ነገር አግቡ።

ደለል፣ ረግረግ፣ መባከን፣ ሐሩር፣ ማጋነን፣ መናቅ

መልመጃ ሦስት፦ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በምንባቡ ውስጥ የገባበትን ምክንያት አስረዱ። ከዚያም በአካባቢያችሁ ጥቂት ኃይል ወይም ጥቂት ገንዘብ በመተባበር ጠቃሚ ሥራ የሠራበትን አንድ ምሳሌ በመውሰድ ሦስት አንቀጽ ያለው ድርሰት ጻፉ።